ፓምፑ ከተመረቀ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ይመለስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሰሜን ሸዋ የምታወጧቸውን የልማት ዜናዎች እንከታተላለን። ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው፦ በውጭ እርዳታ የተሠራው ፕሮጀክት ተመረቀ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ወጣበት፣ ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ተጠቃሚ ሆነ፣ ኃላፊውም ኅብረተሰቡ እንደ ዓይኑ ብሌን እንዲጠብቀው አሳሰቡ። ዘጋቢው የጻፈው የተሰጠውን ቁጥር ነውና በእሱ አንፈርድም። እኛ ግን የምንሠራው በፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ ሙያ በመሆኑ ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ዘጋቢዎቻችሁም ቢያውቁት ይበጃል ብለን ይህን ጽፈናል።

በእጅ ፓምፕ እንጀምር። አንድ ፓምፕ ለ300 ሰው ይበቃል ተብሎ በዕቅድ ይያዛል እንበል። 18 ፓምፕ ሲተከል 18 በ300 ይባዛና 5,400 ተጠቃሚ ይባላል። ቤት ለቤት የዞረ የለም፤ ወረፋ የቆጠረም የለም። አንዲት እናት በውሃ ኮሚቴ አባልነት፣ በሥነ ምግብ ሥልጠናና በዶሮ እደላ ላይ ከተመዘገበች ደግሞ በዓመቱ ሪፖርት ሦስት ሰው ሆና ትወጣለች። ሪፖርት አቅራቢው ዋሽቶ አይደለም፤ ቅጹ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ሒሳቡን ከውሃው ጋር እናስተያየው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያ ሆኖ የተቀመጠው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ለ300 ሰው 7,500 ሊትር ማለት ነው። ጤነኛ ፓምፕ በደቂቃ 10 ሊትር ቢሰጥ 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ሳያርፍ መነቅነቅ አለበት፤ ጀሪካን ለመቀያየር የሚያልፈው ጊዜ ሳይቆጠር። የውስጥ ጎማው ተበልቶ ውሃው በደቂቃ ወደ 4 ሊትር ሲወርድ ያው 7,500 ሊትር 31 ሰዓት ከሩብ ይፈልጋል። ቀኑ 24 ሰዓት ነው። በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም ፓምፖች «አገልግሎት እየሰጡ ያሉ» ተብለው ይጻፋሉ።

በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳና በማላዊ የገጠር ፓምፖችን የመረመረ አንድ ጥናት ጥያቄውን በደረጃ ከፍሎታል፦ በተጎበኘበት ቀን ውሃ ይሰጣል ወይ? በደቂቃ ቢያንስ 10 ሊትር ይሰጣል ወይ? ባለፈው ዓመት ተበላሽቶ የቆመው ከ30 ቀን በታች ነው ወይ? ውሃውስ ንጹሕ ነው ወይ? አንዱን ደረጃ በወጣችሁ ቁጥር የሚያልፈው ፓምፕ ቁጥር ያሽቆለቁላል። የመጀመሪያውን ብቻ የጠየቀ ሰው ደስ የሚል መቶኛ ይዞ ይመለሳል። ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ደግሞ ባለ20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ነው። መጀመሪያ ፓምፑን ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይነካው ማድረግ፣ ከዚያ ውሃው ብቅ እስኪል ስንት ጊዜ እንደተነቀነቀ መቁጠር። ከአምስት ምት በላይ ከፈለገ የታችኛው ቫልቭ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ያፈሳል። ቀጥሎ ጀሪካኑ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መያዝ። ሁለት ደቂቃ ከሆነ ደህና ነው፤ አምስት ደቂቃ ከሆነ እላይ ያልነው ባለ4 ሊትሩ ፓምፕ ማለት ነው።

በደጋው ሸዋ ግን ከፓምፕ ይልቅ ብዙ ሪፖርት የሚያሳስተው የቀን መቁጠሪያው ነው። አንድ የምግብ ዋስትና ፕሮጀክት መነሻ ጥናቱን በነሐሴ ሠራ እንበል። ጎተራው ባዶ ነው፣ ገብሱ ገና እሸት አልሆነም፣ ቤተሰቡ የሚበላውን ቀንሷል። ብዙ የአውሮፓ ለጋሾች የሒሳብ ዓመታቸው በታኅሣሥ ስለሚዘጋ የማጠናቀቂያ ጥናቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ይውላል። ያኔ አውድማው እየተወቃ እህሉ ወደ ቤት ገብቷል። ፕሮጀክቱ አንዲት ፍሬ እህል ባይሰጥ እንኳ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ትልቅ መሻሻል ይታያል። ተገላቢጦሹም ይደርሳል፤ በጥር ለክቶ በነሐሴ የጨረሰ ደህና ፕሮጀክት ሕዝቡን ያስራበ ይመስላል። ሁለቱም ጥናት በአንድ ወር ቢደረግ ይህ ይቀራል። ካልተቻለም «ባለፉት 12 ወራት የራሳችሁ እህል ያልበቃችሁ በየትኞቹ ወራት ነበር?» ብሎ ከመስከረም ጀምሮ ወር በወር እየጠሩ መመዝገብ ይሻላል።

ወሩ አንድ ሲሆንም ቀበሌው ይለያል። በግሼ፣ በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች በልግ የሚያርሱ ቀበሌዎች አሉ። በየካቲትና በመጋቢት የዘሩትን በሰኔና በሐምሌ ያጭዳሉ፤ ክፉ ወራቸው ከዚያ በፊት ነው። መኸር ብቻ የሚያመርተው ጎረቤታቸው የሚጨነቀው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሁለቱን በሐምሌ ያወዳደረ ሰው የለካው የበልጉን አዝመራ ነው፣ የፕሮጀክቱን ሥራ አይደለም።

ጾሙ ከዚህም ይብሳል። የእናቶች የአመጋገብ ስብጥር የሚለካው «ትናንት ቀንና ሌሊት ምን ምን በላሽ?» ተብሎ ነው። ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን የበላች በቂ አገኘች ትባላለች። ከአሥሩ ሦስቱ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ናቸው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከገበታው ይነሳሉ። መነሻው በጾሙ ውስጥ፣ ማጠናቀቂያው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ከዋለ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነውና፣ ውጤቱ እንደሚያምር መጠይቁ ሳይሞላ መናገር ይቻላል። እዚህ ላይ «አንድ ወር ይሁን» የሚለው መፍትሔም አይበቃም፤ ፋሲካ ስለሚንቀሳቀስ ሚያዝያ አንድ ዓመት ጾም ሌላ ዓመት ፍስክ ይሆናል። ጥያቄው ስለ ትናንት በመሆኑ ሐሙስና ቅዳሜ የተጠየቀች እናት የምትናገረው ስለ ረቡዕና ስለ ዓርብ ነው። ጠንቃቃ ተቆጣጣሪ እያንዳንዱ መጠይቅ በየትኛው ቀን እንደተሞላ ያስመዘግባል፣ የጾሙን ማግስት ለይቶም ያሰላል። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው ቀበሌዎች ረመዳንን እንዲሁ ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣ መጠይቅ ይህን አያውቅም፤ እዚህ ያለው ሰው ነው ሊነግረው የሚገባ።

ወሩና ቀኑ ቢስተካከልም «በፊት» እና «በኋላ» ብቻውን ምንም አይናገርም። ለምሳሌ ያህል፣ ፕሮጀክት ባለበት ቀበሌ የረሃቡ ጊዜ ከአምስት ወር ወደ አራት ወረደ እንበል። አንድ ወር ብቻ! በልጉ የጠፋበት ዓመት ሆኖ ፕሮጀክት በሌለበት ጎረቤት ቀበሌ ከአምስት ወደ ስድስት ወጥቶ ከሆነ ግን ሥራው የሁለት ወር ለውጥ አምጥቷል። በሌላ በኩል ከአምስት ወደ ሦስት አወረድኩ ብሎ የሚፎክረው፣ ጎረቤቱም ያለ እርዳታ ከአምስት ወደ ሦስት ከወረደ፣ ያመጣው ነገር ባዶ ነው፤ ዝናቡ ነው የሠራው። በኛ ዞን ይህ የቲዎሪ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ሰላሙ አልረጋም። ከዚያ በፊት ተለክቶ ከዚያ በኋላ የተለካ ማናቸውም ፕሮጀክት ያለ ማነፃፀሪያ ቀበሌ ውጤቱን ሊያውቅ አይችልም። ወድቋል የተባለው ሕዝቡን ከባሰ አድኖ ሊሆን ይችላል።

ማነፃፀሪያ ሲመረጥ ደግሞ የመሬቱ ነገር አለ። ከጣርማበር አናት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ውርጭ ተነስቶ በጥቂት ሰዓት 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ላይ ይደረሳል። በወረዳ ካርታ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ገብስና ባቄላ፣ ሌላው ማሽላና ጤፍ ያመርታሉ። ስለዚህ ከፍታው፣ አዝመራውና ከገበያ ያለው ርቀት የሚመሳሰል ቀበሌ መፈለግ አለበት። ከሁሉም የሚሻለው በጀቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንደማይበቃ ሲታወቅ የትኛው ቀበሌ በመጀመሪያው ዓመት፣ የትኛው በሦስተኛው እንደሚጀምር በሕዝብ ፊት ዕጣ ማውጣት ነው። ሕዝባችን በእቁብ የለመደው ነገር ነው፣ ቅሬታም ያነሰ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ቀበሌዎች እስከዚያ ድረስ ትክክለኛ ማነፃፀሪያ ይሆናሉ። የወረዳ አመራር ይህን የሚጠላው ቀበሌ የመምረጥ ሥልጣኑን ስለሚያሳጣው ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

«400 አባወራ ጠይቀናል» የሚለው ሐረግም ዘጋቢን ያስደምማል። ከስንት ቀበሌ? ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ ዝናብ፣ አንድ ገበያና አንድ አመራር ስለሚጋሩ ይመሳሰላሉ። መመሳሰሉ በስታቲስቲክስ አቆጣጠር ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ ከሁለት ቀበሌ 200፣ 200 የተጠየቁት 400 ሰዎች የሚሰጡት መረጃ በየቦታው ተበትነው ከተመረጡ 37 ሰዎች አይበልጥም። ያንኑ 400 ከ20 ቀበሌ 20፣ 20 አድርጋችሁ ብትጠይቁ ወደ 205 ይጠጋል። ልዩነቱ የነዳጅና የአበል ነው፤ ለዚህም ነው ሁለት ቀበሌ የሚመረጠው። አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱ ቀበሌዎች አስፋልት ዳር ናቸው።

ቤት ከተገባ በኋላ የሚመጣው ስሕተት ሌላ ነው። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የሕፃናት መቀንጨር የሚለካው በቁመትና በዕድሜ ነው፤ ቁመቱን የመለኪያ ሰሌዳው ይነግራል፣ ዕድሜውን ግን እናት ናት የምትነግረው። «ሁለት ዓመቱ ነው» ትላለች፤ መረጃ ሰብሳቢው 24 ወር ብሎ ይሞላል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የ24 ወር ወንድ ልጅ ዝቅተኛ ወሰን 81 ሴንቲ ሜትር፣ የ30 ወር ልጅ ደግሞ 85 ነው። 83 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ በመጀመሪያው ጤነኛ፣ በሁለተኛው የቀነጨረ ይባላል። በመነሻው 30፣ በማጠናቀቂያው 24 እያሉ የሚሞሉ ሰዎች ካሉ የቀነጨረ ልጅ ያለ አንድ እንቁላል ይቀንሳል። በኦርቶዶክስ ቤት መፍትሔው የክርስትናው ቀን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ቀኑን የክርስትና አባቱ ወይም እናቷ ያስታውሱታል፤ ከዚያ 40 ወይም 80 መቀነስ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው በጀርባው ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ ይለካል። የተኛ ልጅ ከቆመው በ0.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ይህን ያቀላቀለ ቡድን መረጃውን አበላሽቷል።

በግ መቁጠርም እንዲሁ ጣጣ አለው። እርዳታ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ፣ በተለይ የቀበሌ ሊቀመንበር አጠገቡ ከቆመ፣ አሥር በግ ቢኖረው አራት ይላል። ሌላው ደግሞ የሰው በግ በርቢ (ግልገሉን ሊካፈል) ይዞ የራሱ አድርጎ ይቆጥራል። «ስንት አለህ?» ከማለት እናት በግ ስንት፣ ግልገል ስንት፣ ባለፈው ዓመት የተሸጠ፣ የታረደ፣ የሞተ፣ በርቢ የተሰጠና የተያዘ ብሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ይታወቃል። የምርት መጠን ከሆነ ደግሞ የገበሬውን ግምት ትቶ በዕጣ በወጣ ማሳ ላይ 4 በ4 ሜትር ከልሎ ማጨድ፣ የወቃነውን መመዘንና በ625 ማባዛት ነው። 3.2 ኪሎ ከተገኘ በሄክታር 20 ኩንታል ማለት ነው። ሚዛኑ 100 ግራም ቢስት በሄክታር ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚሳሳት የገበያ ሚዛን አይሆንም። ማሳውን የሚመርጠው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሆነ የሚመዘነው የሞዴል አርሶ አደሩ ስንዴ ብቻ ይሆናል።

የተስተካከለ ልኬት ሲገኝ ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ትንሽነቱን ልትፈሩት አይገባም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ላይ በተደረገ ጥናት፣ አምስት ዓመት የታቀፉ ቤተሰቦች የረሃብ ጊዜያቸው በ1.29 ወር አጥሯል፤ አንድ ዓመት ብቻ ከተረዱት ይልቅም የእንስሳት ሀብታቸው፣ የተለያዩ እንስሳትን በአንድ ቁጥር በሚደምረው የእንስሳት መለኪያ፣ በ0.38 በልጧል። በግ በዚያ መለኪያ 0.1 ነው፤ ስለዚህ ትርፉ አራት በግ ገደማ ነው። «ከተረጂነት ተላቀው ራሳቸውን ቻሉ» ከሚል ዜና ይልቅ እኛ ይህንን እናምናለን። በተለይ ከሴፍቲኔት የሚመረቁት ሰዎች ቁጥር ከላይ በኮታ ሲወርድ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ኮታው ነው።

መመለስ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ አገርም ያሳያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ለድሃ ድሃዎች ከብት፣ በግ፣ ንብ ወይም ዶሮ እየሰጠ ሥልጠናና ክትትል የጨመረ ፕሮግራም ተፈትሾ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አጥኚዎቹ ፕሮግራሙ ሲያልቅና ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለት ጊዜ ለኩ። በሆንዱራስ የተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አልቀው ነበር፤ በርክክቡ ቀን የተቆጠረ ዶሮ ግን ሁሉ ጤነኛ ነው። እኛም ጋ ችግኝ የሚቆጠረው በሐምሌ ነው። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ፣ የበጋውንም ልቅ ግጦሽ አልፎ በቀጣዩ ሰኔ ስንቱ ጸደቀ የሚለውን በ20 በ20 ሜትር ናሙና የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ፓሪስ ላይ ለጋሾችና ተቀባዮች ውጤትን አብረው ሊለኩ ተስማምተው ነበር። በ2010 ሊደረስባቸው ከተቀመጡት 13 ግቦች የተሳካው አንዱ ብቻ ነው። የአገራችንን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደግፍ የኖረው የአሜሪካ ፕሮግራምም በ2025 መጀመሪያ ተቋረጠ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን ያወቅነው በዚያ ጥናት ነበር። ያ ጥናት ቢቀጥልም እንኳ የተሠራው ክልልን እንዲወክል ነው፤ የክልሉን ቁጥር የአንድ ወረዳ መነሻ አድርጎ የሚያቀርብ የፕሮጀክት ሰነድ ባያችሁ ጊዜ ተጠራጠሩ። የወረዳው ሕዝብ ብዛት ራሱ ከ1999ኙ ቆጠራ እየተገመተ ስለሚመጣና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ተፈናቃይ ስለሰፈረ፣ የክትባት ሽፋን 105 በመቶ ሲባል መገረም የለብንም፤ አካፋዩ ነው የተሳሳተው።

እዚሁ ዞን ውስጥ ግን በትዕግሥት መለካት ምን እንደሚመስል የሚታይበት ቦታ አለ። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል በአንዲት ጥድ፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊዘርላንድ ድጋፍ የተቋቋመ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነበር። ወንዙ ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ እየተቀዳ፣ ደለሉ ተጣርቶ ደርቆ ይመዘን ነበር። እርከን አፈር ያዘ ወይስ አልያዘም የሚለው ክርክር የሚፈታው በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው፤ «120 ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ» ብሎ መቁጠር የተደከመውን ድካም ብቻ ነው የሚያሳይ። ዩኒቨርሲቲውና የግብርና ምርምር ማዕከሉ ደብረ ብርሃን ላይ እያሉ፣ ጥቂት ቀበሌዎችን መርጦ በየዓመቱ በአንድ ወር አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ የሚያቅት ነገር አይደለም።

ገምጋሚው የማን ደመወዝተኛ እንደሆነም ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አማካሪ ድርጅቱን የሚቀጥረው ፕሮጀክቱን የሠራው ራሱ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም የሚለቀቀው ሪፖርቱን እሱ ሲቀበለው ነው። «ረቂቁ ላይ አስተያየት አለን» የሚለው ኢሜይል ምን እንደሚያደርግ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ረቂቁንና የታተመውን ጎን ለጎን ለማየት ጠይቁ።

ጋዜጣው ራሱ ሊሠራው የሚችለው አንድ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በዞኑ ተመረቁ ብላችሁ የዘገባችኋቸውን የውሃ ተቋማት ዝርዝር ከማኅደራችሁ አውጡ። አምስቱን በዕጣ ምረጡ፤ ወረዳው እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ። የከርሰ ምድር ውሃ በሚሸሽበት በግንቦት፣ ሳትደውሉ በጠዋት ሂዱ። ግማሽ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ምቱን ቁጠሩ፣ ጀሪካኑን በሰዓት ለኩ። ኮሚቴውን ለመለዋወጫ ስንት ብር በእጃችሁ አለ፣ መጨረሻ ሲበላሽ ስንት ቀን ቆመ፣ ማን ጠገነው፣ ጎማውንስ ከየት ገዛችሁት ብላችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ከምርቃቱ ዜና አጠገብ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
በልማት ፕሮጀክቶች ክትትልና ግምገማ ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን